የጃፓን የእጅ ሰዓት፦ ከጥገና ሱቅ እስከ ኳርትዝ

የቴክኖሎጂ ሽግግር ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ዕቃ ከመግዛት ጋር ሲደባለቅ ይታያል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱን በግልጽ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የጃፓን የእጅ ሰዓት ታሪክ ስለ ሆነ በአጭሩ እንመለከተዋለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃፓን እስከ 1872 መጨረሻ ድረስ ቀኑንና ሌሊቱን ለየብቻ ስድስት ስድስት ቦታ ትከፍል ስለ ነበር፣ የአንዱ ሰዓት ርዝመት እንደ ወቅቱ ይለዋወጥ ነበር። በ1873 የምዕራቡን አቆጣጠር ተቀበለች። ሃቶሪ ኪንታሮ የተባለ ወጣት በ1881 ቶኪዮ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ሰዓት መሸጥና መጠገን ጀመረ። በመሸጥ ብቻ ግን አልተወሰነም። በ1892 ሴይኮሻ የተባለውን ፋብሪካ አቋቁሞ መጀመሪያ የግድግዳ ሰዓት፣ በ1895 የኪስ ሰዓት፣ በ1913 ደግሞ የመጀመሪያውን የጃፓን የእጅ ሰዓት አወጣ። በ1923 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ፋብሪካውን ቢያወድመውም በተከታዩ ዓመት ሴይኮ የሚል ስም የተጻፈበት ሰዓት ለገበያ ቀረበ።

ዕድገቱ ያለ ሽንፈት የተገኘ አይደለም። ሴይኮ በ1964 በስዊዘርላንድ የኑሻቴል የሰዓት ውድድር ሲገባ ያገኘው የተሻለ ደረጃ 144ኛ ነበር። ባለሙያዎቹ ጉድለታቸውን እያጠኑ ሠሩ፤ በ1967 በኩባንያዎች ውድድር 2ኛና 3ኛ ሆኑ።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ነው። በዚያን ዕለት ለሽያጭ የቀረበው አስትሮን በሞላ ፈንታ በባትሪ የሚሠራ የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በማይዛነፍ ፍጥነት ይርገበገባል። በአስትሮን ውስጥ ያለው በሴኮንድ 8,192 ጊዜ ይርገበገብ ነበር። ይህን ቁጥር 13 ጊዜ ለሁለት ብንከፍለው 1 እናገኛለን። ክፍፍሉን የሚሠራው የኤሌክትሮኒክ ዑደት በየሴኮንዱ አንድ ምት ለትንሽ ሞተር ይሰጣል፤ ሞተሩም ቆጣሪውን አንድ እርምጃ ያራምዳል። ስሕተቱ በወር 5 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። ዋጋው ግን 450,000 የን፣ ማለትም የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ዋጋ ያህል ነበር። የኋላ ኋላ ምርቱ በመስፋፋቱ ዋጋው ወርዶ ለሠራተኛውም ለተማሪውም ደረሰ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የኳርትዝ የእጅ ሰዓትን ናሙና በ1967 ቀድመው የሠሩት የስዊስ ተመራማሪዎች ነበሩ። ነገር ግን ከሙከራ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ገበያ በማድረስ ጃፓኖች ቀደሙ። በ1970 ወደ 90,000 የሚጠጋ ሠራተኛ የነበረው የስዊስ የሰዓት ኢንዱስትሪ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ።

እንግዲህ ዕውቀት በአንድ አገር ተወልዶ በሌላው ሊያፈራ ይችላል። የሚያፈራውም ዕቃውን በገዛው ዘንድ ሳይሆን ፈትቶ በመረመረው፣ ክፍሎቹን ራሱ በሠራው፣ ሲሸነፍም ተመልሶ በሞከረው ዘንድ ነው። በውጭ አገር የምንማር ሁሉ ራሳችንን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ወደ አገራችን ስንመለስ የምንይዘው ሰዓቱን ነው ወይስ አሠራሩን?