ትልቁን የሐሳብ ካርታ እንዴት እንክፈለው?

የሰበካ ጉባኤ አባላት የልማት ዕቅድ ሲያወጡ በሰፊ ወረቀት መካከል ዋናውን ጉዳይ ጽፈው፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከእርሱ እየሳቡ የሐሳብ ካርታ እንዲሠሩ እናበረታታለን። ፊደል ያልቈጠሩ አረጋውያን ሳይቀሩ ሐሳባቸውን የሚያዋጡበት ዘዴ ነውና። ዳሩ ግን በደሴ በአንድ ደብር የቦርከናን ወንዝ ጉዳይ ይዘን ስንመክር ወረቀቱ ከቀትር በፊት ሞላ። የጦሳ ተዳፋት መራቈት፣ የቦዮች በቆሻሻ መደፈን፣ የማገዶ እጥረት፣ የወጣቶች ሥራ ማጣት፣ ሌላው ቀርቶ የዐጸዱ አጥር መፍረስ በአንድ ገጽ ተጨናነቀ። በማግስቱ ከዚያ ሥዕል የራሱን ድርሻ ለይቶ የተናገረ ሰው አልተገኘም፤ እኛም አልቻልንም።

ካርታውን እንክፈል ስንል መጀመሪያ ተሳሳትን፤ አንዱን ሉህ ለደሴ፣ ሌላውን ለኮምቦልቻ አደረግን። ቦርከና ግን ደሴን አልፎ፣ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርስ ወንዝ ነው። ከላይ የታጠበው አፈር ከታች ደለል ይሆናል። በከተማ ስንለየው ምክንያቱ በአንዱ ሉህ፣ ውጤቱ በሌላው ቀረ። የኮምቦልቻው ኮሚቴ ደለል ማውጣትን ብቻ አቀደ፤ የደሴው ደግሞ ከታች ስላሉት ወገኖቹ አንድ ቃል አልጻፈም።

አሁን የምንከፍለው በሥራው ባለቤት ነው። በዋናው፣ በ1ኛው ሉህ፣ የጉዳዩ ስምና ጥቂት ቅርንጫፎች ብቻ ቀርተው ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። ተዳፋቱን በእርከንና በችግኝ ማልማት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የገበሬዎች ድርሻ ስለሆነ 2ኛ ሉህ ይሆናል፤ የቦዮች ጽዳት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ካሉባቸው ቅሬዎች ጋር የሚሠራ ነውና 3ኛ፤ በኮምቦልቻ ከፋብሪካዎች ወደ ቦርከና ገባሮች የሚገባው ፍሳሽ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ነውና 4ኛ፤ የኮምቦልቻ ደለል 5ኛ። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ያለው ቅርንጫፍ ግን ባለበት ይቈይ፤ ሉህ ማብዛትም ሸክም ነው።

ጥፋት የሚበዛው በማያያዣው ላይ ነው። በ2ኛው ሉህ ያለው የአፈር መታጠብ የ5ኛው ሉህ ደለል ምክንያት ከሆነ፣ በ2ኛው ላይ «ወደ 5»፣ በ5ኛውም ላይ «ከ2» ተብሎ ይጻፍ። በአንድ ወገን ብቻ ከተጻፈ ከታች ያለው ኮሚቴ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። አንዱ ሉህ ሲታረም ጸሐፊው በቁጥሩ ተመርቶ ተያያዡን ያመሳክር።

ለዚህ አርአያ ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። የቂሳርያው አውሳብዮስ፣ ስለ ሃይማኖቱ የተባለው እንዳለ ሆኖ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት አራቱን ወንጌላት በክፍል በክፍል ቈጥሮ (ማቴዎስ ብቻ 355 ክፍል አለው) በ10 ሠንጠረዦች አያይዟቸዋል። ወደ አንድ አልጨፈለቃቸውም፤ እያንዳንዱ ወንጌል ሙሉ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ወደ ባልንጀራው ይመራል። በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌላት በመግቢያቸው እነዚህን ሠንጠረዦች ይዘዋል።

ሁለቱ ኮሚቴዎች አሁን ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ ሉሆቻቸውን ይዘው ይገናኛሉ። ባለፈው ስብሰባ በ5ኛው ሉህ ላይ «ከ2» የሚለው ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሲታይ፣ ከኮምቦልቻ የመጡ አንድ ቄስ የተዳፋቱ እርከን የት እንደ ደረሰ ጠየቁ። የደሴው ሰብሳቢም ግማሹ ገና እንዳልተሠራ ነገሯቸው።