ድኩላን ለማየት የት እንቀመጥ?

ድኩላ ብዙ ጊዜ ሰውን ከማየቱ በፊት ያሸተዋል። ስለዚህ አዳኝም ሆነ እንደኛ ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ነፋሱን ሳያውቅ ቦታ አይመርጥም።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተከለለውና ከአገራችን አልጣሽ ፓርክ ጋር የሚዋሰነው ዲንደር አደን አይፈቅድም። በበጋ ወንዙ ሲጎድል እንስሳቱ «ማያ» በሚባሉት ረግረጎች ይሰበሰባሉ። ማያ ወንዙ አቅጣጫውን ሲቀይር ትቶት የሄደው ጎድጓዳ ነው። በዚያ ወቅት፣ እዚህ ካርቱምም እንደምናውቀው፣ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ይመጣል። እንግዲህ ከማያው በስተደቡብ ዛፍ ተደግፈን እንቀመጣለን። ወደ ውሃው የሚወስደው የእንስሳት መንገድ ግን ከጀርባችን መሆን የለበትም፤ ከሆነ ጠረናችን ቀድሞን ይደርሳል፣ ድኩላውም ተመልሶ ይሄዳል።

እንደ ባሌ ባለ ተራራማ አገር ነገሩ ይለያል። አየሩ ፀሐይ ሲያሞቀው ሽቅብ፣ ሲመሽ ቁልቁል ይነፍሳል፤ ቀን ከእንስሳው በላይ፣ ማታ ከበታቹ መሆን ነው። ለተጠራጠረ ጥቂት አቧራ በትኖ ማየት ይበቃል፤ አቧራ ደግሞ ለካርቱም ልጅ አይቸግርም።