በኢንተርኔት የሚገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃና የገዢው ኃላፊነት

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በሚገኘው ዳገት ላይ የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፥ ስፋቱ 705 ሄክታር ያህል ነው። ጽድን፥ ወይራንና ኮሶን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች በዚያ ይጠበቃሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም በእንጦጦ ዙሪያ ተስፋፍቶ፥ እናቶች በጀርባቸው እየተሸከሙ ሲያወርዱት ለብዙ ዘመን የከተማይቱ ማገዶ ሆኖ ኖሯል። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ማዕከሉ የሚወጣ መምህር ስለ ዛፍ ጥቅም ማስተማሩ አይቀርም። እኛ ግን አንድ ተጨማሪ ትምህርት እንዲሰጥ እንመክረዋለን፤ ይኸውም ዛፉ ከላይ እንዲቆም ከታች ያለው ቤት ሌላ እሳት ማግኘት እንዳለበት ነው።

ይህም ሌላ እሳት ኤሌክትሪክ ነው። የማገዶ ጢስ ዓይንን ያቆስላል፥ ሳንባን ይጎዳል፤ ይልቁንም በእናታቸው ጀርባ ታዝለው በጢስ ቤት የሚውሉትን ሕፃናት ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ስለዚህ በጤና ረገድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ቤት መግባቱን የምንደግፈው ነገር ነው። ነገር ግን የአገዛዙ መንገድ ተለውጧል። ቀድሞ ገዢው ወደ ሱቅ ሄዶ ዕቃውን በእጁ አገላብጦ፥ ሰክቶ አስሞክሮ ይገዛ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው በቴሌግራምና በፌስቡክ ሥዕሉን አይቶ፥ ገንዘቡን በስልክ ልኮ፥ ዕቃውን በሞተር ብስክሌት ያስመጣል። ሥዕል ደግሞ የሽቦን ውፍረት አያሳይም። ስለዚህ ማንኛውም ገዢ ሊያውቃቸው የሚገቡትን ሦስት ነገሮች ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

አንደኛ፤ ቮልት። በኢትዮጵያ በየቤቱ የሚገባው ኃይል 220 ቮልት፥ 50 ኸርዝ ነው። በአሜሪካ የሚሠራበት ግን ከ110 እስከ 120 ቮልት ነው። ለ110 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በ220 ላይ ቢሰካ፥ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ 1,000 ዋት የተባለው 4,000 ዋት ለመሳብ ይታገላልና ይቃጠላል። እንግዲህ ከመክፈላችሁ አስቀድሞ በዕቃው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲልክላችሁ ሻጩን ጠይቁት። «100–240» የሚል ከሆነ በሁለቱም ይሠራል፤ «110» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ለቤታችን አይሆንም።

ሁለተኛ፤ የሽቦ ውፍረት። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ይህን ያህል ኃይል 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ይችለዋል። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ዲቫይደሮች ግን ውስጣቸው እጅግ ቀጭን ነው። ምጣዱ በእንዲህ ያለ ገመድ ላይ ሲሰካ ገመዱ ይግላል፥ ልባሱ ይቀልጣል፥ ከዚያም እሳት ይነሣል። ምጣድ በዲቫይደር ላይ ከቶ አይሰካም፤ ለብቻው ከብሬከር የተሳበ መስመር ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛ፤ የመሬት መስመር። ምጣድ፥ ካውያ፥ ቦይለርና ውሃ የሚያሞቅ ሻወር ሁሉ ከሁለቱ ሽቦዎች ሌላ ወደ መሬት የሚወርድ ሦስተኛ ሽቦ ያስፈልጋቸዋል። አያሌ ሰዎች ቤታቸው ብሬከር ስላለው ብቻ የተጠበቁ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከ30 ሚሊ አምፔር የበለጠ ኃይል በደረት በኩል ጥቂት ጊዜ ቢያልፍ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል፤ 20 አምፔር የተጻፈበት ተራ ብሬከር ደግሞ ለዚህ ለሚያህል ጥቂት ኃይል አይወርድም። ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን የሚጠብቀው በትክክል የተዘረጋ የመሬት መስመርና በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ ልዩ ብሬከር ነው። ስለዚህም አልገባ አለ ተብሎ የሦስተኛውን እግር መቁረጥ ታላቅ ጥፋት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ኃላፊነት እንመለስ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ስምምነት ለሕጋዊነት መሠረት እንዲኖረው አደረገ። ሆኖም መብት የሚጠየቅበት ሰው ከሌለ መብቱ ከወረቀት አያልፍም። ስሙንና አድራሻውን የማይገልጽ፥ ደረሰኝም የማይሰጥ ሻጭ ዕቃው ቤት ባቃጠለ ማግስት አይገኝም። ስለዚህ የተጻጻፋችሁትን መልእክት አታጥፉ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ዕቃው ሲመጣም መልእክተኛው ሳይሄድ ጽሑፉን አንብቡ፥ ገመዱንም ዳስሱ። ያልተስማማችሁበት ዕቃ ከሆነ ገንዘቡን ሳትከፍሉ መልሱ።

ገዢም በበኩሉ ኃላፊነት አለበት። በከተማችን አያሌ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ፤ ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩት ቤቶችም ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘዋል። በአንዱ ክፍል የተሰካ መጥፎ ዕቃ በጎረቤት ቤት የተኙትንም ልጆች ያሰጋል። እንዲሁም ሲነኩት የሚነዝርን ካውያ ወይም ምጣድ ጉድለቱን ሸሽጎ ለሌላ መሸጥ፥ ሕመምን ለወንድም እንደ ማስተላለፍ ይቆጠራል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ሲገዙ ጥቂት መጠየቅ ኋላ ከመጸጸት ያድናል።

አደጋ ቢደርስ እንዲህ ይደረግ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በባዶ እጅ አትንኩት፤ አስቀድማችሁ ብሬከሩን አውርዱ፤ ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከእርሱ አርቁ። ትንፋሹ ከቆመ የሠለጠነ ሰው ደረቱን እየተጫነ ልቡን ይርዳ፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 ይደወል። ከቃጠሎ ላይ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ኃይሉ ባልተቋረጠ እሳት ላይ ውሃ አይደፋ፤ በአዲስ አበባ ለእሳት አደጋ 939 ይደወል።

መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁ የሚከተሉትን በየቤታቸው መርምረው በደብተራቸው ጽፈው እንዲያመጡ እዘዙአቸው።

1ኛ፤ በቤታችሁ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በሦስቱ ላይ የተጻፈው ቮልትና ዋት ስንት ነው? ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል ስንት አምፔር ይሆናል?

2ኛ፤ ምጣዱ የተሰካው በግድግዳው ላይ ነው ወይስ በዲቫይደር? ገመዱስ ሲሠራ ይግላል?

3ኛ፤ የብሬከሩን ቦታ የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች እነማን ናቸው?

ልጆቹ ገመድ እንዳይፈቱ፥ ሶኬትም እንዳይነኩ አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ፤ የሚያነቡት በውጭ የተጻፈውን ብቻ ነው። በሦስተኛው ጥያቄ መልስ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቅበት ቤት ቢገኝ፥ ተማሪው በዚያው ማታ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ቦታውን እንዲያሳይ አድርጉ።