ጀርመናዊው አያት ከየት መጡ?

ከጀርመን አገር መጥተው፥ በአገራችን ሚስት አግብተውና ልጅ ወልደው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ዘራቸው ዛሬም አለ። ሆኖም «አያትህ ከየት መጡ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ከጀርመን» ከማለት አልፎ የሚመልስ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው የትውልድ ሐረግ እንዴት እንደሚፈለግ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እሞክራለሁ። የእናቴ እናት አያት ጀርመናዊ አናጢ ስለ ነበሩ ነገሩ እኔንም ይመለከተኛል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፌአለሁ።

በመጀመሪያ «ከጀርመን መጣ» ማለት ለፈላጊ ብዙ አይጠቅምም። ጀርመን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1871 ነው። ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር በ1813 የተወለደባት ትንሿ አንሃልት እንኳ በዚያ ዘመን ደሳው፥ በርንቡርግና ኮተን ተብላ ለሦስት መሳፍንት ተከፍላ ነበር። ልደትና ጋብቻ በመላው አገር በመንግሥት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ የሆነው ከ1876 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት በአብዛኛው ስፍራ ጥምቀቱን፥ ጋብቻውንና ቀብሩን የሚጽፈው የአጥቢያው ቄስ ነበር። ስለዚህ መንደሩን ያላወቀ ሰው መዝገቡን አያገኝም።

ይህ ዛንደር በደጃዝማች ውቤ፥ ኋላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ ሰው ነው። ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ልጁ ካታሪና ወይም ወለተ ኢየሱስ ሞሪትስ ሆል የሚባለውን፥ ለቴዎድሮስ መድፍ ከሠሩት ፈረንጆች አንዱን አገባች። የእነርሱ ልጅ ማግዳሌና በ1868፥ በመቅደላው ጦርነት ዓመት ተወለደች፤ አድጋም ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የተባለውን የሩሲያ መኰንን አገባች። ልጃቸው ዮና፥ የዮናም ልጅ በ1921 በለንደን የተወለደው ዝነኛው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ከተዋናዩ እስከ ሠዓሊው አምስት ሰው ቢቈጠር ሁለት ጊዜ የቤተ ሰብ ስም ተለውጦ ይገኛል፤ ኡስቲኖቭ፥ ሆል፥ ዛንደር። ሐረጉ በሴት በኩል ስለሚያልፍ ጋብቻው ካልታወቀ ክሩ ይበጠሳል።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እኛ በአባት ስም እንጠራለን፤ ጀርመኖች ግን ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም ይጠራሉ። የጀርመናዊው ልጅ እንደ አገሩ ልማድ ሲጠራ የአባቱን የመጀመሪያ ስም ይይዛል፥ የቤተ ሰቡ ስም ግን በአንድ ትውልድ ይጠፋል። በቤታችን የቀረውም ይኸው የመጀመሪያ ስም ነበር። የጀርመን መዝገብ የሚጠይቀው ሌላውን ነው። በእንዲህ ያለው ቤት የጠፋውን ስም የሚያድኑት የመቃብር ድንጋይ፥ የድሮ ደብዳቤ፥ የፎቶግራፍ ጀርባና የመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ ናቸው።

እኛን ያዳነን ከአያቴ ሣጥን የወጣ የጥምቀት ወረቀት ነው። ሰውየው በ1881 ተወልደው፥ ዐፄ ምኒልክና ጀርመን በ1905 የወዳጅነት ውል ከተዋዋሉ በኋላ አዲስ አበባ ገብተዋል። ወረቀቱን ጀርመንኛ ለሚያውቁ ሰው ባሳይ አንድ መስመር እንኳ ሊያነቡልኝ አልቻሉም። የተጻፈበት የድሮው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት በትምህርት ቤቶቻቸው መሰጠቱ በ1941 ቀርቷልና። በዚህ ጽሕፈት «ኤ» የሚባለው ፊደል «ኤን»ን ይመስላል። የፊደሉን ገበታ ይዤ አንድ ክረምት ሙሉ ተለማመድሁ። የመንደሩም ስም ኖይኪርሽን፥ ትርጓሜውም «አዲስ ቤተ ክርስቲያን» ሆኖ ተገኘ። ወዮ! አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሠራ መንደር ሁሉ ይህን ስም የወሰደ ይመስላል፤ ብዙ ነው። አንድ ፊደል ቢጨመርበት ደግሞ ኖይንኪርሽን የሚባል ሌላ ስም ይሆናል፥ እርሱም ብዙ ነው። ማኅተሙ ሄሰን የሚባለውን ክፍል ስለሚያመለክት ፍለጋው ጠበበልኝ። በዚያም ከአንድ በላይ ኖይኪርሽን ስላለ ለእያንዳንዱ ጻፍሁ።

መልሱ ከአንደኛው መጣ። አባታቸው ሸማኔ፥ የአባታቸውም አባት ሸማኔ ነበሩ።

በቤታችን ሲወራ የኖረው ግን ሰውየው የመስፍን ልጅ ናቸው እየተባለ ነበር። አንድ ዘመዳችን ወረቀቱ ተመልሶ ሣጥኑ ውስጥ ይግባ አሉ። ሸማኔ በአገራችን ስንት ዘመን እንደ ተናቀ አንባቢ ያውቃል። አያቴ ግን በእናታቸው በኩል ሰባት ቤት ያለ ዕረፍት የሚቈጥሩ፥ በአባታቸው በኩል ከጀርመናዊው ላይ የሚቆሙ ሰው ናቸው፤ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ጋቢም ይሠሩ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ከተልባ ተክል ጭረት ክር አውጥተው የበፍታ ጨርቅ ይሠሩ እንደ ነበር፥ የእንግሊዝ መኪና ክርና ጨርቁን ካረከሰው ወዲህ በየቤቱ የሚሸምነው ሰው እንደ ተቸገረ፥ ብዙ የሸማኔ ልጆችም ሌላ ሥራ ፍለጋ እንደ ተበተኑ ነገርኋቸው። «እንግዲያስ የልጁ መሰደድ በዚህ ነዋ» አሉ፥ እንድጽፈውም ፈቀዱልኝ።

አሁን በአባታቸው በኩል አምስት ቤት ይቈጥራሉ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ከ1800 በፊት በተጻፈው መዝገብ ውስጥ ስለሚሆኑ የዚያን ገጾች ፎቶግራፍ እንዲልኩልኝ ለአጥቢያው ጽፌአለሁ።