ስለ ኮምፒውተር ማስታወሻ መፍሰስና ስለ መጠገኛው

ዱቤ ወስዶ የማይመልስ ደንበኛ ሱቅን ቀስ በቀስ ባዶ እንደሚያደርግ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ በኮምፒውተርም ውስጥ ይህን የሚመስል ጉዳት ይገኛል፡፡ ማናቸውም ፕሮግራም ሥራውን ሲጀምር ራም ከሚባለው የመሣሪያው ጊዜያዊ ማስታወሻ የተወሰነ ስፍራ ይበደራል፤ ሥራው ሲያበቃም መመለስ ይገባዋል፡፡ በአሠራሩ ስሕተት ምክንያት ሳይመልስ ደጋግሞ የተበደረ እንደሆነ ግን ነጻው ስፍራ እየተመናመነ ይሄዳል፤ ይህም የማስታወሻ መፍሰስ ይባላል፡፡

በመካነ ኢየሱስ በገበያ ቀን ሽያጩን በኮምፒውተር የሚመዘግብ ባለሱቅ ይህ ቢደርስበት፣ ጧት ፈጣን የነበረው መሣሪያ ከቀትር በኋላ ይንቀራፈፋል፤ ማታም ያልተቀመጠ ሒሳብ እንደያዘ ቀጥ ሊል ይችላል፡፡ አጥፍቶ ማብራት ለጊዜው ያሽለዋል፤ ነገር ግን ተበዳሪው ያው ስለሆነ ዕዳው እንደገና ይጀምራል፡፡ ፍቱኑ መድኃኒት ሠሪው ያወጣውን መጠገኛ መጫን ነው፡፡

ይሁን እንጂ መጠገኛ ሁሉ ያለ ጥንቃቄ አይጫንም፡፡ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ሰርቨር ያወጣው ማሻሻያ፣ የተጠቃሚዎችን ማንነት በሚያረጋግጠው ክፍል ላይ ራሱ የማስታወሻ መፍሰስን አስከተለ፡፡ በዚህም የተነሣ አንዳንድ የድርጅቶች ዋና ኮምፒውተሮች በድንገት እየጠፉ ይነሡ ነበር፡፡ ኩባንያው ማረሚያውን ማውጣት የጀመረው በዚያው ወር በ13 ቀን ነው፡፡

ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴ የሚከተለውን ተራ ይጠብቃል፡፡

1ኛ/ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ተጭኖ ታስክ ማናጀርን ይከፍታል፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የያዘውን ማስታወሻ ጧት፣ ቀትርና ማታ ይጽፋል፡፡ ሥራው ሳይጨምር ቁጥሩ ብቻ ዘወትር የሚያድግ ፕሮግራም የሚጠረጠር ነው፡፡

2ኛ/ የሒሳብ መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፡፡

3ኛ/ ጥፋቱ የሒሳብ ፕሮግራሙ እንደሆነ ከፕሮግራሙ ሠሪ፣ የዊንዶውስ እንደሆነ ደግሞ ከዊንዶውስ አፕዴት መጠገኛውን ይጭናል፡፡ ይህንም የሚፈጽመው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ መብራት እንደማይቋረጥ ሲረጋገጥ ወይም የላፕቶፑ ባትሪ ሲሞላ ነው፡፡ ብዙ ኮምፒውተር ያለው አስመጪ በመጀመሪያ በአንዱ ብቻ ይሞክራል፡፡

4ኛ/ መሣሪያውን እንደገና አስነሥቶ በማግሥቱ ቁጥሮቹን ከፊተኞቹ ጋር ያመሳክራል፡፡ ጉዳቱ ቢብስ አዲሱን ማሻሻያ ከአፕዴት ታሪክ ውስጥ አግኝቶ ያነሣዋል፡፡

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ በተራዘመው ዕቅድ የተመዘገበ ተጠቃሚ እንኳ የሚያገኘው የጸጥታ መጠገኛ ብቻ ነው፡፡ እንግዲህ ይህን የያዘ ነጋዴ ወደ አዲሱ ለመሻገር ከወዲሁ ማሰብ ይገባዋል፤ ዕዳ ሳይበዛ መቆጣጠር የንግድ ሁሉ መጀመሪያ ነውና፡፡