ምዕራፍ ሰባት፦ ማብራሪያ የሌለው መጽሐፍ አይገዛም

የእጩ መኮንን ምልመላ ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን ወጣቱ «ምን ላንብብ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሻጩም መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ቡራዩም ሆነ ሰበታ፣ ሱሉልታም ሆነ አዲስ አበባ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት መስኮት ላይ የሚደረደረው ጥራዝ «ሙሉ ዝግጅት»፣ «የተረጋገጠ»፣ «ይህን ያህል ጥያቄ ከነመልሱ» የሚል ሽፋን አያጣም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ይኸው ጥራዝ ስሙን ቀይሮ በሶፍት ኮፒ ይዞራል። ገዢው የገጹን ብዛት ያያል፣ ዋጋውን ይከራከራል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ውስጡን ገልጦ የሚመረምር ጥቂት ነው። በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ለአንድ ነጥብ ነው፦ አጋዥ መጽሐፍን አጋዥ የሚያሰኘው ከመልሱ በታች ያለው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያ የሌለው ጥራዝ፣ ጥያቄው አምስት ሺህ ቢሆንም፣ አይገዛም፤ በነፃ ቢሰጥም ጊዜ ይበላልና ውድ ነው።

ከሁሉ በፊት ማስታወቂያው ራሱ ይነበብ። የትምህርት ደረጃው፣ ዕድሜው፣ የፈተናው ዓይነት ከምልመላ ምልመላ ይለያያል፤ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ኮሌጅ የሚፈልገውና ተዋጊ መኮንን የሚያሠለጥነው አካዳሚ የሚፈልገው አንድ አይደለም። ያም ሆኖ በአገራችን ለቅጥርም ለምልመላም የሚሰጡ የጽሑፍ ፈተናዎች በአብዛኛው በሦስት ነገር ዙሪያ ይሽከረከራሉ፦ እንግሊዝኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ፣ እና አፕቲትዩድ የምንለው የማመዛዘን ችሎታ። ይህ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 እና 1918፣ በሥነ ልቦና ምሁሩ በሮበርት የርክስ መሪነት «አልፋ» እና «ቤታ» የተባሉ ፈተናዎች አዘጋጅተው 1.7 ሚሊዮን ያህል ምልምሎችን ፈትነዋል፤ አልፋው ማንበብ ለሚችሉ፣ ቤታው ለማይችሉ ነበር። ሠራዊቱ በአጭር ጊዜ ማወቅ የፈለገው ምልምሉ አዲስ ነገር ሲገጥመው እንዴት እንደሚያስብ ነው። የአፕቲትዩድ ፈተና ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተባዝቷል፤ ዓላማው ግን ያው ነው። አዲስ ነገር ፊት አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ለሚለካ ፈተና የድሮ ጥያቄ በቃል መያዝ ምን ያህል ሊያዘልቅ እንደሚችል አንባቢዬ ራሱ ይፍረድ።

በምሳሌ እናስረዳ። ጥያቄው «3፣ 7፣ 15፣ 31፣ ቀጥሎ የሚመጣው ስንት ነው?» ይላል እንበል። አንዱ ጥራዝ በመጨረሻው ገጽ ላይ «መልስ፦ ሐ» ብሎ ያልፋል። ሌላው ግን ያስረዳል፦ እያንዳንዱ ቁጥር በሁለት ተባዝቶ አንድ ሲጨመርበት ቀጣዩን ይሰጣል፣ ስለዚህ መልሱ 63 ነው፤ በሌላ መንገድም በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት 4፣ 8፣ 16 እያለ እጥፍ እየሆነ ስለሚሄድ 31 ላይ 32 ቢጨመር ያው 63 ይመጣል። የመጀመሪያው ተማሪ አንድ ፊደል ተማረ፤ ፈታኙ ቁጥሮቹን የቀየረ ዕለት ፊደሉ አይጠቅመውም። ሁለተኛው ግን ሁለት መሣሪያ ታጥቋል፦ ማባዛትን መሞከር፣ ልዩነትን መፈተሽ። በእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች አይቶት የማያውቀውን ብዙ ጥያቄ ይፈታል። ጥሩ መጽሐፍ ከዚህም አልፎ የተሳሳተው ምርጫ ለምን እንደሚያሳስት ይናገራል፤ ፈታኙ ወጥመዱን የሚያስቀምጠው እዚያው ነውና።

ማብራሪያ መፈለግ የግል ምርጫዬ ብቻ እንዳይመስል በጥናት የተረጋገጠውን ልጨምር። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንድን አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ አደረጉ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ጽሑፉን አስቀምጠው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ደጋሚዎቹ ወደ 42 በመቶ ወረዱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ላይ ቆዩ። እንግዲህ ደጋግሞ ማንበብ ማታ ላይ «ገብቶኛል» ያሰኛል፤ በሳምንቱ ፈተና ክፍል ሲገባ ግን ባዶ እጅ ያስቀራል። በ2013 እ.ኤ.አ. ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያሏቸው ሁለቱን ብቻ ነበር፦ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማጥናት። ብዙዎቻችን የምንወደው በቀለም ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ከዝቅተኞቹ ተርታ ወደቁ። ራስን መፈተን ግን ስህተትን የሚያርም ነገር ካላገኘ ስህተቱን ራሱን ሊያጸና ይችላል። አራሚው ማብራሪያው ነው። ቲዩተር መቅጠር ለማይችል የሱሉልታ ወይም የሰበታ ልጅ አስተማሪው በዚያች ሦስት መስመር ማብራሪያ ውስጥ ተቀምጧል።

ስለዚህ ሻጩ ፊት ቆማችሁ እንዲህ አድርጉ። ጥራዙን ከመካከል ግለጡ፤ አምስት ጥያቄ ምረጡ፤ መልሱን ሳታዩ ሞክሩ፤ ከዚያ መልሱን አመሳክሩ። ማብራሪያ ከሌለው መልሱት። ማብራሪያው «ሕጉን ተጠቀም» ብሎ ሕጉን የማይነግር ከሆነም መልሱት። ከአምስቱ አንዱ መልስ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ወደ ኋላ ሳታዩ ሂዱ፤ እነዚህ ጥራዞች ብዙ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጡ የመጡ ናቸውና የአንዱ ጸሐፊ ስህተት በአሥር ሽፋን ሥር ይኖራል። ሻጩ «እዚህ ማንበብ አይቻልም» ካለ ያ ራሱ መልስ ነው።

«የውጭ አገር መጽሐፍ ይሻላል» የሚል አስተያየትም አለ። ከፊሉ እውነት ነው። ለአሜሪካ ሠራዊት ምልመላ የተዘጋጁት አጋዦች፣ የአየር ኃይሉ የመኮንንነት ብቁነት መለኪያ አጋዥ ጭምር፣ ማብራሪያቸው በአብዛኛው የተሟላ ነው። ነገር ግን በጅምላ የሚያነባቸው ሰው ብርቱ ኪሳራ ይገጥመዋል። የአየር ኃይሉ መለኪያ የአውሮፕላን መሣሪያ ንባብና የአቪዬሽን ዕውቀት ይጠይቃል፤ የምድር ጦሩም ሆነ ሌሎቹ ክፍሎች የሚጠቀሙበት የጋራ መለኪያ የመኪናና የጋራዥ ዕውቀት የሚጠይቅ ክፍል አለው፤ ሒሳቡም በማይል፣ በጋሎንና በፓውንድ የተሞላ ነው። የህንዶቹ የመኮንን ፈተና አጋዥም አጠቃላይ ዕውቀቱ የህንድ ታሪክንና ሕገ መንግሥትን ይጨምራል። ለኢትዮጵያ ፈተና ይህን የሚያጠና ሰው ለጎረቤት ሠርግ የተደገሰውን ቤቱ ድረስ ተሸክሞ የሚሄድ ይመስላል። ከእነዚህ መጻሕፍት የሒሳብ ማመዛዘኑን፣ የቃላት ዝምድናውንና የንባብ መረዳቱን ምዕራፍ ብቻ ወስዶ ሌላውን መተው ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ያለፈውን ፈተና ያገኘ ያልፋል» ይላሉ። ያለፈ ፈተና በግልጽ የታተመ ከሆነ መልካም ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አፕቲትዩድ ፈተናዎች ለልምምድ እጅግ ይጠቅማሉ፤ እነሱንም ቢሆን ከነማብራሪያቸው ፈልጉ። ሰዎቹ በሹክሹክታ የሚያወሩት ግን ሌላ ነው፤ «የወጣ ፈተና» ነው። የዚህን መንገድ ፍጻሜ አገር አይቶታል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቆ የመላው አገሪቱ ፈተና ተሰረዘ፤ ሩብ ሚሊዮን ያህል ተማሪም እንደገና ለመፈተን ሳምንታት ጠበቀ። ጥቂቶች በሠሩት የለፋውም ያልለፋውም አብሮ ተቀጣ። በኋላ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው፣ የኩረጃው በር ተዘግቶ ሲፈተኑ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ውጤት የሰሜኑ ጦርነትም፣ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረቱም ድርሻ እንዳላቸው አልክድም። ሆኖም በሩ ሲዘጋ በቃል የተያዘ ፊደልና የተቀባበሉት መልስ የትም እንደማያደርስ በአደባባይ ታይቷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሞራሉ ጉዳይ አለ። መኮንን ማለት የሰው ልጅ ነፍስ በትእዛዙ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ካርታ በማንበብ፣ ርቀትና ጊዜ በማስላት ስህተት ቢሠራ ዋጋውን የሚከፍለው ወታደሩ ነው። ማዕረጉን በተሰረቀ ወረቀት የጀመረ ሰው ሠላሳ ወታደር ፊት ቆሞ ስለ ታማኝነት ምን ሊናገር ነው? አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የኪስ ነው፤ እሱን ንቄ አላልፍም። «ማብራሪያ ያለው መጽሐፍ ውድ ነው» የሚል ልጅ እውነቱን ነው። መፍትሔው ግን አምስት ርካሽ ጥራዝ መግዛት አይደለም፤ የአምስቱ ዋጋ ተደምሮ አንድ ደህና መጽሐፍ ይገዛል። ሦስት ጓደኛሞች ተዋጥተው አንድ ቢገዙ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ከሁለት ርካሽ ጥራዝ ዋጋ ያንሳል። መሠረቱማ በነፃ እጃችሁ ላይ ነው፦ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉት የሒሳብና የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት። ምሳሌዎቻቸው ደረጃ በደረጃ የተሠሩ ናቸው፤ ይህም እኔ ማብራሪያ የምለው ነው። ብዙ ሰው «የልጅ መጽሐፍ» ብሎ ይንቃቸዋል፤ ንቀቱ ግን ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ያሳፍራል። የማንበቢያ ቦታን በተመለከተ ግን ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃለዋል፤ ፋብሪካውም መንደሩም እየሰፋ ነው። ፑል ቤትና ጫት ቤት ለማግኘት ጥቂት እርምጃ ይበቃል፤ ጸጥ ያለ የንባብ ክፍል ለማግኘት ግን ብዙው ወጣት ታክሲ ተሰልፎ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ድረስ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ለመዝናኛ ፈቃድ የሚሰጥ ጠረጴዛ ለንባብም አንድ ክፍል ቢያስብ አይከፋም። እስከዚያው የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ ጥላ፣ ወይም የትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ይፈለግ።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደማምንበት መድኃኒት ልግባ፤ የስህተት ደብተር ነው። አንድ ተራ ደብተር ገዝታችሁ እያንዳንዱን ገጽ በአራት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምድ የሳታችሁትን ጥያቄ በአጭሩ ጻፉ። በሁለተኛው የመረጣችሁትን የተሳሳተ መልስ፣ ለምን ትክክል መስሎ እንደታያችሁም ጨምራችሁ ጻፉ፤ ይህቺ ክፍል ታሳፍራለች፣ ስለዚህም ታስተምራለች። በሦስተኛው የመጽሐፉን ማብራሪያ በራሳችሁ ቃል አስፍሩ፤ ቃል በቃል መገልበጥ አይቆጠርም። በአራተኛው የስህተቱን ዓይነት በአጭሩ ሰይሙት፦ «አላወቅሁም»፣ «ቸኮልኩ»፣ «ጥያቄውን አላነበብኩም»። በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያም በሳምንቱ፣ ጥያቄውን ብቻ እያያችሁ እንደገና ሥሩ፤ ሁለት ጊዜ በትክክል የሠራችሁትን ሰርዙት። ከወር በኋላ አራተኛውን ዓምድ ቁጠሩ። «ቸኮልኩ» ከበዛ ችግራችሁ ሰዓት አያያዝ ነው፤ ሌላ መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። «አላወቅሁም» በክፍልፋይና በመቶኛ ላይ ከበዛ ወደ ዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ተመለሱ። ቀጥሎ የትኛውን መጽሐፍ መግዛት እንዳለባችሁ ከሻጭም ከጓደኛም በተሻለ የሚነግራችሁ ይህ ደብተር ነው። ማብራሪያ በሌለው ጥራዝ ግን ይህን ደብተር መያዝ አይቻልም፤ ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ይቀራል። የክርክሬ ማጠቃለያም ይህች ባዶ ዓምድ ናት።

ሌላውን በአጭሩ፦ ለአካል ብቃቱ ሩጫ ዛሬ ጀምሩ፤ ሱሉልታ ስመ ጥር ሯጮች የሚለማመዱበት ደጋ ነውና ሜዳ አጣሁ የሚል ሰበብ የለም። የትምህርት ማስረጃችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት ተኙ።

ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲኬድ የምትገኘው ሆለታ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የጦር ትምህርት ቤቷን ስትከፍት የተቀበለችው ወጣት ተማሪዎችን ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣና እጩዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነት ገጠማቸው። የጦር ሜዳው ጥያቄ በየትኛውም ጥራዝ ውስጥ አልነበረም፤ ለእናንተም አይኖርም። ዛሬ ማታ ያሏችሁን ጥራዞች አውጡና አንድ በአንድ ግለጡ። ማብራሪያ ያለውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ የሌለውን ለባለ ሱቁ ለስኳር መጠቅለያ ስጡት።