እየበሉ መክሳት

ጥያቄ፦ እናቴ የቆሽት ካንሰር አለባት። አጥሚቱንም ሾርባውንም እያፈራረቅን እንሰጣታለን፤ እሷ ግን በየሳምንቱ ትከሳለች። ጎረቤት «በደንብ አላበላችኋትም» ይለናል። ጥፋቱ የእኛ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጎረቤቶቻችሁ የሚያውቁት የረሃብን ክሳት ነው፤ የእናትዎ ሌላ ነው። ሰው ሲራብ ሰውነቱ በአብዛኛው ስቡን እያነደደ ጡንቻውን ለመቆጠብ ይጥራል። በካንሰር ክሳት ግን ጡንቻውም አብሮ ይሟሽሻል። ዕጢውና የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃሉ፤ እነዚህ ጡንቻ እንዲፈርስ ያደርጋሉ፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋሉ። ጂዲኤፍ-15 የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ከአንጎል ግንድ ደርሶ ማቅለሽለሽን ይቀሰቅሳል። እናም «አልፈልግም» ሲሉ ማስገደድ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ቆሽት ላይ ሲሆን ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ቤተሰብ አፍሮ ስለማይጠይቀው ሳይታከም ይቀራል። ስብን የሚፈጩት ኢንዛይሞች በዋናነት የሚመነጩት ከቆሽት ነው። ዕጢው ቧንቧውን ከዘጋው የተበላው ቅባት ሳይፈጭ ይወጣል። ሰገራቸው የገረጣ፣ ቅባት ያለው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍና ክፉኛ የሚሸት ከሆነ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ከምግብ ጋር የሚዋጥ የኢንዛይም እንክብል አለ። የደም ስኳራቸውንም ያስለኩ፤ የቆሽት ካንሰር የስኳር በሽታ ሊያስከትል ይችላል፣ እሱም በራሱ ያከሳል።

አጥሚቱን አያቋርጡ። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ወተት ወይም እንቁላል እየጨመሩ ይስጧቸው።